የስልክ ቅርጫት

የእህቴን ባል ይቅር ብለሽዋል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ዘመዶች አሉ። አላልኩትም። ቆይቼ አስቤበት የምመልሰው ጥያቄ አይደለም፤ መልሱ ምላሴ ላይ ነው ያለው። ቂም ጤና ይነሳል ይሉኛል። እኔን ግን ተስማምቶኛል፤ እንቅልፌ ደህና ነው፣ ምግቡም ይበላልኛል።

ሥራዬ ሠርግ ማንሳት ነው፣ ያውም የሴቶቹን ወገን ብቻ። ድሬዳዋ ውስጥ በእኛ በሙስሊሞቹ ሠርግ ወንዱ ለብቻው፣ ሴቱ ለብቻው ነው የሚሰበሰበው። የሴቶቹ አዳራሽ በር አንዴ ከተዘጋ አባያው ይሰቀላል፣ ሒጃቡ ይወልቃል፣ ሲተኮስ የዋለው ፀጉር ይለቀቃል፣ ከሥር ያለው ድሪዓ የሚባለው ስስ ቀሚስ ብቅ ይላል። በዚያ ሰዓት ወንድ አይገባም፣ የወንድ ካሜራም አይገባም፤ ስለዚህ እኔን ይጠራሉ። ያነሳሁትን ሙሽራዋና እሷ የፈቀደችላቸው ሴቶች ካልሆኑ በቀር ማንም አያይም፤ አማና፣ አደራ ነው። የሙሽራዋ ወንድም መጥቶ "እስቲ አንዴ ልይ" ቢለኝ የማሳየው በሩን ነው።

በር ላይ ደግሞ ስልክ ይሰበሰባል። የሙሽራው እናት ብትሆን እንኳ ስልኳን ቅርጫት ውስጥ ሳትጥል አትገባም፤ አንድ ስልክ ካመለጠ የማን ልጅ እንዴት አድርጋ እንደጨፈረች በማግስቱ መጋላ ገበያ ላይ ይወራል። ያንን ቅርጫት የምትይዘው እናቴ ነበረች። እኔን ሲጠሩ እሷም ትጠራለች፤ እኔ ውስጥ ስዞር እሷ በሩ ሥር ትቆማለች። ሰፊ የሐረር ስፌት ነበራት፤ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ታቅፈዋለች። "ስልክሽን" ትላለች፣ ሌላ ቃል የላትም። አንዴ የሙሽራዋ አክስት ስልኳን ጡት መያዣዋ ውስጥ ሸጉጣ ልታልፍ ስትል እናቴ ሳትቆጣ፣ ሳትሳደብ፣ እጇን ሰድዳ እንደ ራሷ ዕቃ አወጣችና ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችው። ሴትየዋ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

የማንም ስልክ የማያመልጣት ይህች ሴት ራሷ ፎቶ አትወድም ነበር። የፊት ጥርሶቿን ገና በወጣትነቷ አጥታለች። ስትስቅ መዳፏ ሁልጊዜ አፏ ላይ ነው፤ ካሜራ ወደ እሷ ከዞረ ደግሞ በሻሿ ጫፍ ሙሉ ፊቷን ትሸፍናለች። ልጇ ፎቶ አንሺ ሆና እሷ ያላት ፎቶ የመታወቂያዋ ብቻ ነበር፤ እዚያ ላይም ከመንግሥት ጋር የተጣላች ትመስላለች። ካቻምና ስትሞት ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው አንድ ምስል አልነበረንም። ታናሽ እህቴ ከሐዘኑ በኋላ አንድ ቀን ዕቃ እያጠበች "ድምፅዋን አልረሳሁም፣ ዓይኗንም አልረሳሁም። አፏን ግን እየረሳሁት ነው። ስትስቅ አፏ እንዴት ነበር?" አለችኝ። እኔም ላስታውስ ሞከርኩ። የመጣልኝ መዳፏ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ነው ፍለጋ የጀመርኩት። ኮምፒውተሬ ላይ ፎቶዎቼን የሚያደራጅልኝ ፕሮግራም አለ፤ ፊት ይለያል። አንድን ሰው ስሙን ከነገርሽው እሱ ያለበትን ፎቶ ሁሉ ለቅሞ ያመጣል። እኔ ሙሽሮችን ሳነሳ እናቴ ሳታውቀው ከኋላ ገብታብኛለች፤ በበሩ ስንጥቅ፣ በመስታወት ውስጥ፣ በምትጨፍር ሴት ክንድ ሥር። "እማ" ብዬ ስም ሰጠሁትና ፕሮግራሙ ይሰበስብልኝ ጀመር። ግማሽ ግንባር፣ አንድ ዓይን፣ ከመዳፍ በላይ ያለ አፍንጫ። እሱ ያልለየውን እኔ በእጄ እጨምራለሁ፤ ጀርባዋን፣ ክርኗን፣ ቅርጫት የያዙ ጣቶቿን። ያን ዓመት ሐዘኔን የተወጣሁት በዚህ ነው። ሙሉ ፊቷን ገና አላገኘሁም፤ ግን በእጄ ያለው ቀን በቀን ይበዛ ነበር።

አሁን ወደ እሱ ልምጣ። የእህቴ ባል ጉምሩክ አካባቢ ዕቃ የሚያስለቅቅ ትራንዚተር ነው። የቤተሰቡን ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ እኔ ነኝ የማውቀው ብሎ ራሱን የሾመም እሱ ነው። ስልክሽን አንዴ ከተቀበለሽ ወይ ቋንቋው ተቀይሮ ወይ ደወሉ ጠፍቶ ነው የሚመለስልሽ፤ እንዲያም ሆኖ "ፈጣን አደረግኩልሽ" ይልሻል። ቤቴ ለሥራ ቦታው ስለሚቀርበው አንዳንድ ከሰዓት ጫቱን በላስቲክ አንጠልጥሎ ይመጣል። ለእኔ ፍቅር ኖሮት አይደለም፤ የምሠራበት ክፍል ጥሩ ቬንትሌተር ስላለው ነው። በድሬ ሙቀት ለአንድ ቬንትሌተር ሲል ሰው የማይወደውን ዘመድ ይጠይቃል።

ያን ቀን ምሳ በልቶ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ ይቅም ነበር። እኔ ለአንዲት ሙሽራ ፎቶ እየቀዳሁ ስለነበር ፎቶዎቹን ዘግቼ፣ ኮምፒውተሩን ግን እንደበራ ትቼ፣ ለእሱ በረዶ ውሃና ሻይ ላመጣ ወጣሁ። ለእሱ! ትሪውን ይዤ ስመለስ የጫቱ ምርቃና ወጥቶበታል። በምርቃና ሰዓት አንዳንዱ ወንድ ሕንፃ ይሠራል፣ አንዳንዱ አገር ያስታርቃል፤ የእኛው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሰማያዊ መስመር ቀስ እያለች ትሄዳለች።

"ምን አደረግክ?" አልኩት።

"አፕዴት አደረግኩልሽ። ቀይ ምልክት እያወጣ ይለምንሻል፣ አንቺ ዝም ብለሽ ታይዋለሽ። አቦ እንዴት እንዲህ ይኖራል?"

"ፎቶ ከፍተሃል?"

"ወላሂ አንዲትም አላየሁም።"

ይህን አምኜዋለሁ፤ በመሐላ አይቀልድም። ዓይኔ ግን ወደ ኮምፒውተሩ ጎን ሄደ። ፎቶዎቼ ሁሉ ያሉት ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይሆን ውጭ በገመድ በሚሰካ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ገመዱ ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ቦታው ላይ የእሱ ስልክ ተሰክቷል። ቻርጅ እያደረገ ነው።

ያልገባው ካለ ላስረዳ። አዲሱ የፎቶ ፕሮግራም የድሮውን ማከማቻ ከዲስኩ ላይ እያነበበ፣ እያፈረሰ፣ በአዲስ መልክ እየሠራ ነበር። ቤትሽን ግማሹን ወደ አዲሱ ሰፈር አጓጉዘሽ ግማሹ ገና በጋሪ ላይ እያለ አንድ ሰው መጥቶ አህያዋን ፈትቶ ወሰዳት በይው። ለምን? ስልኩ ባትሪ ጨረሰበት።

ዲስኩን መልሼ ሰክቼ ፕሮግራሙን ከፈትኩት። ፎቶ የነበረበት ሁሉ ግራጫ ሳጥን ሆኗል፤ መሐሉ ላይ ቃለ አጋኖ ቆሟል። የሙሽሮቹ ስም የለም። ቀኑም ተደበላልቋል፤ ድሬዳዋ ውስጥ እኔ ያነሳኋት ሙሽራ ሁሉ ያን ዕለት፣ የእህቴ ባል አፕዴት ባደረገበት ከሰዓት፣ የተዳረች ሆነች። "እማ" የሚለውን ፈለግሁ። ምንም አላገኘም። እንደገና ጻፍኩት። ምንም።

ጩኸቴን የሰማች ጎረቤት በመስኮት ብቅ አለች። እሱ ግን ወደ ፍራሹ ተመልሶ ጋደም ብሏል። ጉንጩን እንደሞላ "አብሽር፣ ይመለሳል" አለኝ። መጮኼን አላቆምኩም። ያኔ ተነሳ፤ ጫቱን ሰበሰበ፣ ስልኩን ነቀለ፣ ስንት እንደሞላ አየ። በሩ ላይ ቆሞ ያለኝን እስክሞት አልረሳውም።

"አቦ ምርቃናዬን አጠፋሽብኝ።"

ለመርሳት እንኳ ጊዜ ቢሰጠኝ ምናልባት እረሳው ነበር። አልሰጠኝም። ለዒድ እህቴ ቤት ተሰብስበን ምሳ እየበላን፣ ዘመድ በሞላበት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ስለ ባክአፕ ሌክቸር ጀመረ። ሰው ፎቶውን ሁለት ሦስት ቦታ ማስቀመጥ እንዳለበት፣ የእኔ ኮምፒውተር አርጅቶ ሊሞት ሲል እሱ ሊያድነው እንደሞከረ፣ እንዳልተሳካለት። "የእናትን ፎቶ የሚያህል ነገር አንድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል?" አለና ሩዙን ጎረሰ። ሁለተኛ ዲስክ አልነበረኝም፣ እውነት ነው። ግን ይህን ለመናገር በምድር ላይ የመጨረሻው ሰው እሱ ነው። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ "እውነት አንቺ ነሽ እንዴ የጣልሻት?" ይል ነበር። ያኔ ነው በሆዴ የማልኩት። አንድ ቀን፣ እንዲህ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጉድህን ታያለህ አልኩት።

እስከዚያው በትንሽ በትንሹ እበቀለው ነበር። ሲመጣ ቬንትሌተሩ ተበላሽቷል እለዋለሁ፤ እንደወጣ አበራዋለሁ። በር ላይ ቆሞ የቬንትሌተሩን ድምፅ ሲሰማ ደስታዬ ነበር። ለሚቅም ሰው ሻይ ያለ ስኳር ማቅረብ ምን ያህል ግፍ እንደሆነ ድሬ ያደገ ያውቃል፤ ያለ ስኳር አቀረብኩለት፣ "ስኳር ጠፍቷል" ብዬ። የዋይፋዩን ቁልፍ ቀየርኩ። ልጅነት ነው ትሉ ይሆናል። አዎ ነው፤ አንጀቴ ግን ትንሽ ይርስ ነበር።

ጥገናውን ቀትር ላይ ነበር የምሠራው፣ ሱቁ ተዘግቶ ከተማው ሁሉ በሚተኛበት ሰዓት። ፕሮግራሙን ስትከፍቺ ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነሽ ከያዝሽ የጥገና መስኮት ይመጣል፤ ልጠግን ወይ ይልሻል፣ አዎ ትይዋለሽ፣ ከዚያ መስመሯ እንደ ኤሊ ትጀምራለች። ግማሽ ስትደርስ መብራት ይጠፋል። እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። እያንዳንዱ መብራት በጠፋ ቁጥር የምረግመው መብራት ኃይልን አልነበረም።

በመጨረሻ ፎቶዎቹ ተገኙ፤ ግን እንዳሉ አልተገኙም። ስማቸው ተገፍፎ በቁጥር ብቻ አንድ ፎልደር ውስጥ ተከምረዋል፣ ከጎርፍ በኋላ ደቻቱ ወንዝ ዳር እንደሚከመረው የሰው ዕቃ። የትኛው ፎቶ የማን ሠርግ እንደነበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ በልብስ ጀመርኩ። ድሪዓ በየዓመቱ ፋሽኑ ይለወጣል፤ ባለ ዶቃው የመጣበትን፣ ጥልፉ ወደ ትከሻ የወጣበትን ዓመት አውቃለሁ። ሒናውም ይነግረኛል፤ ጥቁሩ ያበደበት ጊዜ ነበር፣ ከዚያ ቀዩ ተመለሰ። የአዳራሾቹን መጋረጃ እንደ ዘመዶቼ ነው የማውቀው። ሙሽራን ከሙሽራ፣ ሚዜን ከሚዜ እያገናኘሁ ክረምቱን በሙሉ ተቀመጥኩ። በየመሐሉ ሙሽሮቹ ራሳቸው "ይህን ደብቂልኝ" ብለውኝ በተደበቀ ፎልደር ያኖርኳቸው ፎቶዎች ይገጥሙኛል፤ አፕዴቱ ድብቁን ፎልደር አፍርሶ ከሌላው ጋር ቀላቅሎታል። እነሱን አንድ በአንድ መልሼ መደበቅ ነበረብኝ። ለእያንዳንዷ ለእሱ የሚሆን አንድ እርግማን አለኝ።

ፊት መለየቱን ከዜሮ አስጀመርኩት። የመታወቂያዋን ፎቶ ሰጥቼ "እማ" አልኩት። ፕሮግራሙ የተጠራጠረበትን ፊት ቆርጦ እያመጣ ይህች ያቺው ናት ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ ወይም አይደለችም ትይዋለሽ። ግማሽ ግንባሯ ተመለሰ። አንድ ዓይኗ ተመለሰ። መስታወት ውስጥ ያለችው ተመለሰች። አዎ፣ አዎ፣ አዎ እያልኩ እንባዬን በክንዴ እጠርጋለሁ።

አንድ ቀትር ላይ የማላውቃትን ሴት አመጣልኝ። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን በሰፊው ከፍታ ትስቃለች። ድዷ ይታያል። ይህች ያቺው ናት ወይ ይለኛል። አይደለችም ልል ጣቴን አንስቼ ነበር። ሻሿን ሳየው ቆምኩ። ያንን ቡናማ ባለ ነጥብ ሻሽ የገዛሁላት እኔ ነኝ።

እናቴ ናት። አፏ ነው። ፕሮግራሙ አይፈረድበትም፤ እኔም አላወቅኋት።

ሙሉ ፎቶውን ከፈትኩት። የእህቴ ሠርግ ነው፤ ሙሽራው ወደ ሴቶቹ የገባበት ሰዓት። በእኛ ሠርግ ማታ መጨረሻ ላይ ሙሽራው ሙሽራዋን ሊወስድ ለጥቂት ደቂቃ ሴቶቹ አዳራሽ ይገባል። "ሙሽራው መጣ!" ሲባል ሴቱ ሁሉ ሒጃቡን ይለብሳል፣ እሱም ዓይኑን ሰብሮ በእልልታና በከረሜላ ውርጅብኝ ውስጥ ያልፋል። የእህቴ ባል ግን ዓይኑን አልሰበረም፤ ደረቱን ነፍቶ፣ ጥምጣሙን ከፍ አድርጎ፣ እንደ ሱልጣን ነበር የገባው። ከበሩ ሁለት እርምጃ አልፎ የተበተነውን ከረሜላ ረገጠ።

ያን ጊዜ ነው ካሜራውን የተጫንኩት። ፎቶው ላይ አንድ እግሩ አየር ላይ ነው፣ ጫማው ከእግሩ ወጥቷል። ጥምጣሙ አንድ ዓይኑን ሸፍኖታል፣ የቀረው ዓይን ፈጦ ሊወድቅ ደርሷል። አፉ ልጅ እንደሚጮኸው ተከፍቷል። እንዳይወድቅ የያዘው ነገር ቅርጫት ነው፤ ስልክ የሞላውን የእናቴን ቅርጫት፣ በጠርዙ። እናቴ በሌላው ወገን በሁለት እጇ ጨምድዳዋለች። ብትለቀው የሠርጉ ሴት ሁሉ ስልክ ወለል ላይ ይበተናል። ስለዚህ አለቀቀችም፤ አፏን የምትሸፍንበት እጅ አልነበራትም። ሳቋ ደግሞ አልጠበቃትም።

ፎቶው ለምን ሳላውቀው ቀረ? በሠርጉ ማግስት አጠገቤ መጥቶ ቆሞ "ያንን ሰርዢው" ብሎኝ ነበር። አልለምንሽም በሚል ድምፅ። "ሰረዝኩት" አልኩትና ድብቁ ፎልደር ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደደበቅሁት ያኔ አላውቅም፤ ደሜ ግን ሳያውቀው አልቀረም። ያን ቀን የማየው እሱን ብቻ ነበር። እናቴ በሕይወት ነበረች፣ ጓዳ ውስጥ ቅርጫቷን እያራገፈች ነበር፤ በሕይወት ያለችን እናት ፎቶ ውስጥ ማን ይፈልጋታል? ከዚያ ረሳሁት። የተደበቀውን ፕሮግራሙም አይለቅመውም፤ በዚያ ሁሉ ፍለጋዬ ያላገኘሁት ለዚህ ነው። እሱ መጥቶ በምርቃናው እስኪያፈርሰው ድረስ እዚያው ተቀብራ ነበር።

አለቀስኩ። ከዚያ እሱን አየሁትና ሳቅሁ። ከዚያ እንደገና አለቀስኩ።

መጀመሪያ ያሰብኩት የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ ነው። ጣቴ ይበላኝ ነበር። ግን ዳርና ዳሩ ላይ በሳቅ ሒጃባቸው የወደቀ ሴቶች አሉ፤ እነሱ አማና ናቸው፣ በእኔ ቂም ፀጉራቸው አይታይም። እናቴ በር ጠባቂ ስለነበረች ሻሿን አውልቃ አታውቅም፤ የእሷ ፎቶ ይሰቀላል። ስለዚህ ልቆርጠው ተቀመጥኩ። ሴቶቹን ከግራም ከቀኝም ቆረጥኩ። ከዚያ እሱንም ቆርጬ እናቴን ብቻዋን ላስቀራት ሞከርኩ። እውነቴን ነው፣ ሞክሬያለሁ። እሱን ሳወጣ ቅርጫቱ ይሄዳል፣ ከቅርጫቱ ጋር እጆቿ ይሄዳሉ፣ ጥምጣሙ ልክ አገጯ ሥር ስለገባ አገጯም ይሄዳል። በኮምፒውተር እሱን ፍቆ ክፍተቱን መሙላት ይቻል ነበር፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ግን የእናቴን ፎቶ መነካካት አልፈለግሁም። እሱ ነክቶት ያየነውን አይተናል።

በትልቁ አሳተምኩት። መስታወትና የእንጨት ፍሬም አስገባሁለት። ከዚራ ሰፈር ላይ ባጃጅ ይዤ ፎቶውን ጭኔ ላይ አቁሜ የደቻቱን ድልድይ ስንሻገር ሹፌሩ በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ አየ።

"እሳቸው ማን ናቸው?"

"እናቴ።"

"ማሻአላህ! ከሥር ያለውስ?"

"አማቿ።"

ድልድዩን እስክንጨርስ በሳቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥሩ ምልክት ነው አልኩ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እንዲሆን መርጬ ነው። ዓርብ ጓደኞቹ እሱ ቤት ለበርጫ፣ ጫት ሊቅሙ ይሰበሰባሉ፤ ሳሎኑ ይሞላል። ሌላ ቀን መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም። በጓሮ በር ገብቼ እህቴን ጓዳ ጠራሁና የጠቀለልኩበትን ጨርቅ ፈታሁት።

እህቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ባሏን አላየችውም፤ ወላሂ መኖሩንም አላወቀችም። ጣቷን መስታወቱ ላይ፣ እናቴ አፍ ላይ አደረገች። "ይኸው" አለች። "ይኸው አፏ። እንዲህ ነበር።" ብዙ ቆየን። ያን ሰዓት ስለ በቀል አላሰብኩም፤ ይህንንም እናገራለሁ። ከዚያ እህቴ ፊቷን ታጥባ ተነሳች፣ ፎቶውን ተሸክማ ወደ ሳሎን ሄደች፣ እኔም ተከተልኩ። በቀሉም ተከተለኝ።

"አንተ፣ ሚስማርና መዶሻ አምጣልኝ" አለችው ሰው ሁሉ ፊት። "እናቴን ልሰቅላት ነው።"

ቀና ብሎ አየ። ጉንጩ ማኘክ አቆመ። ቆሌው ተገፈፈ የሚባለውን ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። ጓደኞቹ አንድ በአንድ አንገታቸውን አሰገጉ፤ መጀመሪያ "አላህ ይርሐማቸው" አሉ፣ ከዚያ ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ። ከዚያ አንደኛው ውሃ ሲጠጣ ትን አለው፣ ሌላኛው ትራሱን ፊቱ ላይ አደረገ፣ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "ዋሪያ! ጫማህ የት ሄደ?" ይላሉ። እህቴ ብቻ አልሳቀችም፤ "ከፍ አድርገው፣ ትንሽ ወደ ግራ" እያለች ሚስማሩን በእጁ አስመታችው።

ኮሪደር ላይ ብቻዬን አገኘኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሰርዢው ብዬሽ ነበር። ፊቴ ላይ ነው ሰረዝኩ ያልሽኝ" አለኝ።

"ደብቄው ነበር" አልኩት። "ማንም አያገኘውም ነበር። አንተ ነህ ያወጣኸው፣ አፕዴት ስታደርግልኝ።"

ጓደኞቹ ወደሚስቁበት ሳሎን ዞር ብሎ አየ።

"ደግሞ ባክአፕ አለው" አልኩት። "ሦስት ቦታ። አብሽር።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ፎቶው አሁንም እዚያው ነው። መኝታ ቤት እንድታደርገው ለምኗት ነበር አሉ፤ እህቴ "እናቴን እንግዳ ይያት" ብላ ዘጋችው። ፎቶው ያለው ከቬንትሌተሩ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ጀርባውን ሊሰጠው ሲል ነፋሱ የማይደርስበት ጥግ ሄዶ ይቀመጣል፤ ያልበዋል። ባለፈው አንድ አዲስ እንግዳ "ይህ የወደቀው ማን ነው?" ብሎ ሲጠይቀው "የባለቤቴ ወንድም ነው" ብሎ መለሰ። እህቴ ከጓዳ "ወንድም የለኝም!" ብላ ጮኸች።

እኔ ዓርብ ዓርብ እሄዳለሁ። እሱ የተወው ቦታ ላይ፣ ቬንትሌተሩ ሥር እቀመጣለሁ። ስኳሩ የበዛ ሻይ ይመጣልኛል፤ ፉት እያልኩ ግድግዳውን አያለሁ። አንዳንዴ እሱም ከጥጉ ቀና ብሎ ያያታል፣ ሳይታወቀው ነው መሰለኝ፤ ያኔ ፊቱ ትንሽ ይለሰልሳል። የሚያስበው ምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን አንድ የማውቀው ነገር አለ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በመዳፏ ስትስቅ ኖራ አንድ ቀን ብቻ ነው እንዲህ የሳቀችው፤ ያሳቃትም እሱ ነው። እኔ አላሳቅኋትም፣ እህቴም አላሳቀቻትም። ይህን ቢሰማ አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ ወደ ቬንትሌተሩም ይመለሳል።

አልነግረውም።